ስምንት ጊጋ ሰርግ

ባለፈው እሑድ የአጎቴ ልጅ የሰርጉን ቪዲዮ በቴሌግራም ላከልኝ። ቁርስ ላይ ነበርኩ። ጨጨብሳዬን ሳልጨርስ ያ ሁሉ ፊልም ስልኬ ላይ ወርዶ አለቀ፤ ሙሽራው ሲስቅ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለብቻዬ መሳቅ ስጀምር ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ምን አገኘህ?" አለችኝ። ያገኘሁትን ለማስረዳት ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራኋት። እዚህም የምጽፈው እሱኑ ነው።

ነገሩ ሲሆን ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ከአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ወጥተው ሰበታ ላይ ቤት ሠርተዋል። ግድግዳው ገና አልተለሰነም፤ ጓሮው ግን በጎመንና በድንች ተሞልቷል። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እፈልጋለሁ። እህቴ መሠረት ከተማው ውስጥ ባለ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ትሠራ ነበርና፣ እዚያው ገመቹ ከሚባል መካኒክ ጋር ተዋደዱ። ገመቹ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ረጋ ብሎ የሚናገር። አባቴ መጀመሪያ ላይ ኮስተር ብሎበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን የውሃ ፓምፓችን ተበላሽቶ ልጁ ሸሚዙን አውልቆ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲጠግን ካየ በኋላ፣ "ይኼ ልጅ ወሬ አያበዛም" ብሎ ፈረደለት። ከአባቴ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ሽማግሌ ተላከ፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። ጥር ሰበታ ውስጥ ደስ የሚል ወር ነው። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትወጣ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል። ዘመኑ ግን ለሰርግ የሚመች አልነበረም። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ሁሉ አዳርሷል። መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ይመጣል፣ ይጠፋል። ልጆቻቸው የሞቱባቸው፣ የታሰሩባቸው ቤቶች ነበሩ። እናቴ ሰርጉን እናቆየው ብላ ነበር። አባቴ፣ "እስከ መቼ?" ሲላት ተነሥታ ጌሾዋን መውቀጥ ጀመረች።

በሰርጉ ዕለት ጠዋት ገመቹ ስልክ ተደወለለት። የሱሉልታ መንገድ ተዘግቷል። አባቱ ኦቦ ቶላ፣ እናቱ አዴ ሎሚና አብረዋቸው የሚመጡት ሽማግሌዎች የተከራዩት ሚኒባስ ከመንገድ ተመልሷል። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሰበታ ስለነበሩ ሰርጉ ቀጠለ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። የሙሽራው ወላጆች ግን አልነበሩም። ማታውን አንዲት አክስቴ ለሌላዋ፣ "መንገድ ተዘጋ ማለት ምን ይከብዳል? ልጅቷን ባይፈልጓት ነው" ስትል ሰማኋት። ችግሩ የሰማሁት እኔ ብቻ አለመሆኔ ነበር። ገመቹም ሰምቷል።

አባቴ ምንም አልተናገረም። እሱ ዝም ሲል ደግሞ ምን እንደሚያስብ ማወቅ አይቻልም። ሱሉልታ ላይ ሊደረግ የነበረው ቅልቅልም ለጊዜው ቀረ። ሙሽሮቹ ጫጉላ ላይ ስለሆኑ መሠረት ወደ ተከራዩት ቤት ጠራችኝ።

"ፊልሙን ውሰድላቸው" አለችኝ። "ስልክ ላይ ይቅርታ መባባል ሰልችቶኛል። ሰርጉን ይዩት፤ ከኛ ጋር የነበሩ ያህል ይሰማቸው።"

"ቤት ያለው ቴሌቪዥን ፍላሽ ያነባል" አለ ገመቹ። "ቦንቱ ድራማ የምታየው በሱ ነው።" ቦንቱ ታናሽ እህቱ ናት፤ ሱሉልታ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች።

ሰርጉ አሟጧቸው ስለነበር የሰጡኝ ገንዘብ ለፍላሹና ለመንገዱ ብቻ የሚበቃ ነው። በማግስቱ ማለዳ መርካቶ ገባሁ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መስታወት ውስጥ ፍላሾች እንደ ከረሜላ ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ ብርማ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ስልሳ አራት ጊጋ ይላል፤ ዋጋው ደግሞ ከጎኑ ካለው ጥቁር ባለ ስምንት ጊጋ ጋር እኩል ነው። የዕድሌን ነገር እያደነቅኩ ብርማውን ጠየቅኩ። ባለ ሱቋ ሐያት የምትባል የኔ እኩያ ነች፤ ስሟን ያወቅኩት ከጎረቤት ሱቅ ሲጠሯት ሰምቼ ነው።

"ምን ልትጭንበት ነው?" አለችኝ።

"የእህቴን ሰርግ።"

እጇን ከብርማው ላይ አነሣች። "እንግዲያው ይኼን አልሸጥልህም።"

"ለምን?"

ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። ቀደም ብላ የጫነችባቸው ፊልሞች ስማቸው በሙሉ ተዘርዝሯል። የመጀመሪያዎቹ ተከፈቱ፤ ወደ ታች ስትወርድ ግን አንዱም እሺ አላለም። "ስልሳ አራት የሚለው ጽሑፉ ብቻ ነው" አለች። "ውስጡ ትንሽ ነው። ከሞላ በኋላ የጨመርክበት ሁሉ ስሙን ያሳይሃል እንጂ የለም።"

"ታዲያ ለምን ትሸጪዋለሽ?"

"ሰው ይጠይቀኛላ። ብነግረውም አያምነኝም።"

እኔም ለማመን ተቸግሬ ነበር። ስልሳ አራትን ትቶ በዚያው ዋጋ ስምንት መግዛት ሞኝነት ይመስላል። ሌሎች ሱቆች ዞርኩ፤ ትልቁ ኦርጅናል ከአቅሜ በላይ ነው። አዴ ሎሚ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ልክ ሙሽራዋ ስትገባ ስክሪኑ ሲጠቁር ታየኝ። ተመልሼ ጥቁሩን ገዛሁ። ሐያት እዚያው ፊልም ሞልታበት፣ ከፍታ አሳይታ፣ ባዶ አድርጋ ሰጠችኝ።

ከመርካቶ ወደ ቡራዩ ሄድኩ። ፊልሙ ያለው ቡራዩ የሚኖረው ካሜራማን ተሾመ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፍላሹን ሲያይ ሳቀ።

"ሰርጉ እኮ ሠላሳ ጊጋ ይጠጋል" አለ። "ወይ ጥራቱን እንቀንስ፣ ወይ ሰርጉን እንቀንስ።"

ጥራቱን ቀንሶ አሳየኝ። እንግዶቹ ፊታቸው ሽሮ የፈሰሰበት መስሎ ቁጭ አለ። የአዴ ሎሚ ዓይን ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ሰርጉን መቀነስ ጀመርን። ፀጉር ቤቱ ወጣ። መኪናዎቹ እየተከታተሉ ሲዞሩ የሚያሳየው ወጣ። ሙሽሮቹ መናፈሻ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው በቀስታ የሚሄዱበት ረጅም ክፍል ላይ ስንደርስ ለመሠረት ደወልኩ።

"የመናፈሻውን?" አለች። "ያን ሁሉ ሰዓት በዚያ ጫማ የቆምኩበትን?" ሳቀች። "እሺ ይውጣ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ግን እንዳትነኩት።"

ምርቃቱን እየፈለግን ሳለ ነው ያላየሁትን ያየሁት። ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ አጠገብ ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው። አንድ ወፍራም እንግዳ ሊቀመጥ ሲል አባቴ ብቅ ብሎ በትህትና ያስነሣዋል። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ወንበሮቹ ላይ ያለብሳል። ተሾመ ወደፊት አሳለፈው፤ ምሳ እየተበላ ወንበሮቹ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጭፈራው ደምቆ ጋቢ ለብሰዋል፤ አባቴም ራቅ ሳይል በኮቱ ብቻ ቆሟል። ያን ቀን እኔ ለስላሳ ሳድል ስለዋልኩ አላየሁም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም። የዝምታውን ትርጉም ያወቅኩት ቡራዩ ውስጥ፣ የሰው ኮምፒውተር ፊት ቆሜ ነው። ዓይኔን ስጠርግ ተሾመ ስክሪኑን የሚያስተካክል መሰለ።

"ይኼ ይግባ" አልኩት። "ከጭፈራው ቀንስለት።"

ቀጥሎ መንገዱ ተከፍቷል ስለተባለ በአዲሱ ገበያ አድርጌ የሱሉልታ ታክሲ ያዝኩ። እንጦጦን አልፈን መውረድ ስንጀምር ለፍተሻ ወረድን። በዚያ ጊዜ ፍላሽ ይዞ መገኘት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ውስጡ ምን ቪዲዮ እንዳለ ያጠያይቃል። ፖሊሱ ከኪሴ አውጥቶ አገላበጠው።

"ምን አለው?"

"የእህቴ ሰርግ ነው። ለሙሽራው ወላጆች ነው የምወስደው።"

"እነሱ አልነበሩም እንዴ?"

"መንገድ ተዘግቶባቸው።"

ፖሊሱ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ። ፀሐይና አቧራ ያደከመው፣ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። "የኔ ወንድምም በዚሁ ጥር ነው ያገባው፤ አልሄድኩም" አለና ፍላሹን መለሰልኝ። "ክዳኑን ግጠምበት፣ አቧራ ይገባበታል።"

ከተማው መግቢያ ላይ ድንጋይ ስለነበር ታክሲው ከዚያ አላለፈም። በእግሬ ቀጠልኩ። በሜዳው ላይ የድርቆሽ ክምር ቆሟል፤ ሽታው ከላሞች ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ቦንቱ መንገድ ላይ ጠብቃ ወሰደችኝ። ኦቦ ቶላ በር ላይ ቆመዋል፤ "አካም ጅርታ? ነጋ?" ብለው ሰላም አሉኝና እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ለመጠየቅ የፈለጉት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። አዴ ሎሚ ግን ሳትበላ ወሬ የለም ብለው ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮና አንድ ጣሳ እርጎ አቀረቡልኝ። ጭኮውን ስጨርስ ኦቦ ቶላ ጠጋ አሉ።

"አባትህ ተቀይሟል?"

"እስቲ ፊልሙን ይዩት" አልኳቸው።

ጎረቤት ሁሉ ገባ፤ ቦታ ያጣ በመስኮት ቆመ። ቦንቱ ፍላሹን ሰካች። ቴሌቪዥኑ አሰበ፣ አሰበና ገመቹን አወጣው። አዴ ሎሚ እልል አሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ስክሪኑ ላይ ልጃቸውን ሳሙ። መሠረት ስትገባም ሳሟት። ከጎረቤቶቹ ስሙን የማውቀው ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ግን በየተራ ሙሽሮቹን በቴሌቪዥን ሰላም ይላል።

ወንበሮቹ መጡ። ኦቦ ቶላ አንገታቸውን አሰገግ አደረጉ። "ያ ጋቢ የለበሰው ምንድነው?"

"የእናንተ ቦታ ነው። አባቴ ሰው አላስቀምጥም ብሎ ነው የዋለው።"

ኦቦ ቶላ ለቦንቱ፣ "መልሺው" አሏት። መለሰችው። "አሁንም መልሺው።" ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉና በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሏት። ቦንቱ እየሳቀች ስልኳን አወጣች።

ለካ ያን ዕለት እነሱም ሰርግ ደግሰው ኖሯል። በሬው ታርዷል፣ ጠላው ተጠምቋል፤ ሚኒባሱ ሲመለስ ኦቦ ቶላ፣ "ሙሽሮቹ ሰበታ ይጨፍሩ፣ እኛ እዚህ እንጨፍራለን" ብለው ሰፈሩን ጠሩ። በቦንቱ ስልክ ላይ ሙሽራም ሙሽሪትም የሌለበት ሰርግ ደምቆ ይታያል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰበታ አዙረው ሊመርቁ ተነሡ፤ ሰበታ በየት በኩል እንደሆነች ግን አልተስማሙም። አንዱ ወደ እንጦጦ ያመለክታሉ፣ አንዱ ወደ ፀሐይ መግቢያ፤ ኦቦ ቶላ ጭራቸውን ይዘው ጭራሽ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረዋል። በመጨረሻ እያንዳንዳቸው ባመኑበት አቅጣጫ "ሆራ ቡላ"፣ ብዙ ተባዙ እያሉ መረቁ።

ሌላ ፍላሽ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ቦንቱ የስልኳን ሜሞሪ ነቅላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እዚያው አድሬ በማግስቱ ከአዴ ሎሚ ቅቤ ጋር ይዤው ሰበታ ገባሁ።

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ያቺ አክስቴም ነበረች። ሜሞሪውን ስልኬ ውስጥ ከትቼ ከፈትኩላቸው። አባቴ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ጭፈራውን አየ። ሽማግሌዎቹ በአቅጣጫ መከራከር ሲጀምሩ ትከሻው መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አክስቴ፣ "እስቲ እንደገና" አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ መንገዱ አላነሣችም።

"ደውልልኝ" አለ አባቴ። ስልኩ ሲነሣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኦቦ ቶላ፣ ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቱ ደርሶናል። ግን ሰበታ እኮ በዚያ በኩል አይደለችም።"

ከወዲያኛው ጫፍ የመጣው ሳቅ ለሁላችንም ተሰማ።

ቅልቅሉ ከፋሲካ በኋላ ሱሉልታ ላይ ሆነ። መሠረትና ገመቹ አሁን ቡራዩ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው በሁለቱም ቋንቋ ይጣላሉ፣ በሁለቱም ይታረቃሉ። አባቴና ኦቦ ቶላ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ ሲያወሩ ጎረቤት ይሰማል። ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ጭሱንና ሐዘኑን ነው፤ ልክ ነው፣ እኔም አልረሳሁትም። ግን በዚያው ወር፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ሰዎች እርስ በርስ ላለመቀያየም ምን ያህል እንደደከሙም አይቻለሁ። ያንን የሚናገር ሰው ብዙ ስለማልሰማ ነው መጻፌ።

ነግሬያት ስጨርስ ባለቤቴ የቀዘቀዘውን ሻይ አነሣች። "ኦቦ ቶላን ካየናቸው ቆየን" አለችኝ። በመጪው ቅዳሜ አባቴን ይዘን ልንሄድ ተነጋግረናል።