የኦርቫል ብሎኖች

ኦርቫል ስቲድሃም ከመቶ በላይ የምርጫ መድረክ ሠርቷል፤ ንግግር ግን አንድም ቀን በጥሞና አላዳመጠም። «እኔ የማዳምጠው ጣውላውን ነው» ይል ነበር። ሃያ ዓመት አብሬው መዶሻ ይዣለሁ፤ እውነቱን ነው።

በ1932ቱ ምርጫ ላንደን ትሬድዌይ ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደሮቻችንን በቀን ሦስት ሦስቱን ያዳርስ ነበር። ለዚህ ጥድፊያ ኦርቫል ዘዴ አበጀ፦ ሚስማሩን እስከ ግማሹ ብቻ መምታት። ንግግሩ ሲያበቃ በመዶሻው ጀርባ ነቅሎ በሩብ ሰዓት መድረኩን መኪና ላይ ይጭናል። እያንዳንዱን ጣውላም በእርሳስ ቁጥር ይጽፍበታል።

ካትለር ፎርክ የተባለው መንደር ስንደርስ የከሰል ቆፋሪዎቹ አድማ መትተው ሥራ ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። የከሰል ኩባንያው ዘበኞች ዱላ ይዘው መድረኩ ፊት ተሰልፈዋል። አንዱ የኦርቫል ታናሽ ወንድም ዴልመር ነው።

«ዴልመር፣ ቤትህ ግባ» አለው ኦርቫል።

«ደሞዜን አንተ ልትከፍለኝ ነው?»

«እማማ አንተን ቀብራ አትኖርም።»

«እንግዲያው ላንተ ታልቅስ! ከነዚህ ራብተኞች ጋር የቆምከው አንተ ነህ።»

ትሬድዌይ «ወገኖቼ» ከማለቱ ዱላ ወረደ። አጠገቤ የአንድ ሽማግሌ መንጋጋ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ባዶ እጃቸውን የመጡት ቆፋሪዎች መሣሪያ ሲያጡ መድረኩን ያዙ። ጣውላው እሺ ብሎ ተነሣ፤ የሚስማሩ ሹል ከጫፉ እንዳፈጠጠ። ከዚያ በኋላማ ጠብ አልነበረም፣ እርድ ነበር። ትከሻ ተቦጨቀ፤ ጉንጭ ተተረተረ። ትሬድዌይ የቆመበት ወለል ሲያልቅ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ።

ኦርቫል ወንድሙን ሲያገኘው የዴልመር ግራ ዓይን ጠፍታለች። አጠገቡ በደም የተነከረ ጣውላ ወድቋል። ቁጥሩ አሥራ አራት። ኦርቫል ወንድሙን ተሸክሞ ሐኪም ቤት ድረስ ሮጠ።

ዴልመር ሲነቃ «ማነው የመታኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተማ መድረኩ ላይ ነበርክ።»

«ሚስማሩን በግማሽ የተውኩት እኔ ነኝ።»

ዴልመር ዓመት ሙሉ አላናገረውም።

ትሬድዌይ ግን ፋሻ በተጠመጠመ ግንባሩ ፎቶ ተነሥቶ አሸነፈ። ገዥ ሆነ፤ ቆይቶም ሴናተር። ኦርቫል ሚስማር ትቶ ወደ ብሎን ዞረ፤ ከሥር የሚጠብቅ፣ ያለ መፍቻ ቁልፍ የማይፈታ። መድረኩን ማፍረስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የምርጫው አስተባባሪ «ሰውዬ፣ ድልድይ ነው እንዴ የምትሠራው?» ሲለው ብሎኑን አንድ ዙር ጨምሮ አጠበቀ። ዓመቱ ሲሞላ ዴልመር በራሱ እግር መጣና መፍቻ ቁልፉን ከኦርቫል እጅ ተቀብሎ አብሮን መሥራት ጀመረ።

በ1946 ፒንክኒ በተባለ መንደር እንደገና ጠብ ተነሣ። አራት ጎረምሶች የመድረኩን ጫፍ ይዘው እስኪያልባቸው ጎተቱ። ንቅንቅ አላለም። ተፉበት፣ ረገጡት፣ በቡጢ ተያያዙ። ሬሳ አልወጣም። አንዱ ወደ ላይ ዘሎ የትሬድዌይን አፍንጫ ሰበረ እንጂ።

«ኦርቫል፣ የማመልጥባት አንዲት ጣውላ ብታላላልኝ ምን ነበረበት?» አለ ሴናተሩ ደሙን እየዋጠ።

«አፍንጫ ይድናል፣ ሴናተር።»

ያን ጊዜ ከመድረኩ ሥር የዴልመር ድምፅ መጣ።

«ጣውላ ቁጥር አሥራ አራት ጠብቃለች! ቀጥሎ የቱን ልያዝ?»