የመቶ አሥር ቮልቱ ማጉያ

ወረታ ፎቶ ቤት የተቀጠርሁ ዕለት አለቃዬ ካሜራውን አላሳየኝም። ቀጥታ ወደ ጨለማ ክፍሉ አስገባኝና ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠ ከባድ የብረት ሣጥን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «ይታይሽ፣ እዚህ ቤት መጀመሪያ የምትጠነቀቂው ለዚህ ነው» አለኝ። ትራንስፎርመር ነበር።

አለቃዬ ስመኝ ይባላል። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ በሥራው ታላቄ ስለሆነ ግን ጋሼ እለው ነበር። ከትንሽ ፊልም ትልቅ ፎቶ የምናወጣበትን ማጉያ ማሽን የገዛው ባሕር ዳር ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ነው፤ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ። ማሽኑ የተሠራው መብራታቸው መቶ አሥር ቮልት ለሆነ አገር ነው። የእኛ ሁለት መቶ ሃያ ነው። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ከሰካችሁት አምፖሉ ቦግ ይልና ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩ መሐል ገብቶ ኃይሉን በግማሽ ይቀንስለታል።

አብሮት የመጣው፣ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ የሚለካው መቁጠሪያ ሰዓት ግን በትራንስፎርመርም አልተስተካከለም። ሁልጊዜ ይዘገያል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ጋሼ፣ «ቮልቱን ብንቀንስለትም የመብራቱ ምት፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ የእኛው ነው። እሱ የለመደው ፈጠን ያለውን ነው» አለኝ። ስለዚህ ሰዓቱን ትተን በአፋችን እንቆጥር ነበር። ቀይ መብራት ሥር ቆመን እሱ ወረቀቱን ያስተካክላል፣ እኔ እቆጥራለሁ።

የሚያስቸግረን ክረምቱ ነው። የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ክፍሉ ሁሉ ይረጥባል፣ ፊልሙ ሳይቀር ይለሰልሳል። መብራቱም አይታመንም። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ሲነሡ ይወርድና ፎቶው ገርጥቶ ይወጣል፤ ሲቆሙ ደግሞ ይዘልና ይጠቁራል። ብዙ ወረቀት እንዲሁ ጣልን።

በአንዱ ክረምት ከቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ልሳነወርቅና ባለቤታቸው እማማ ዘውድነሽ መጡ። መሪጌታ የድጓ መምህር ናቸው። ልጃቸው ዲያቆን ፍቅረ የሞላ ውሃ ሲሻገር ሰጥሞ ነበር። ጎርፉ ቤታቸውም ገብቷልና የልጁ ፎቶዎች ከጭቃ ጋር ሄደዋል። ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ የተነሣው እኛ ዘንድ ስለነበር ፊልሙ ግን በእጃችን ነው።

«ለአርባው ትልቅ አድርጋችሁ አውጡልን» አሉ መሪጌታ። «ዘመድ ይየው።»

ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቼ ለእማማ አሳየኋቸው። ብዙ አዩትና፣ «ለምን ጠቆረብኝ?» አሉ።

«ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር ነው እማማ። ወረቀቱ ላይ ይገለበጣል።»

«እንግዲያው ገልብጪልኝ ልጄ» አሉ።

ሥራውን ሳንጀምረው መብራቱ ዘለለና ትራንስፎርመሩ ጨሰ። ጋሼ ባሕር ዳር ወሰደው። ጠጋኙ ውስጡ ያለው ሽቦ እንደነደደ፣ እንደገና መጠምጠም እንዳለበት፣ ሽቦውም ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ ነገረው። ባዶ እጁን ተመለሰ። ፊልሙን ይዘን ሄደን እዚያው ባሕር ዳር እናሳትመው ስለው ደግሞ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ዘጋው።

አንድ ጠዋት ጋሼ ከሱቅ ትልቅ የቤት አምፖል ይዞ መጣ። የእኛ አገር ነው፣ የሁለት መቶ ሃያው። የማጉያውን አምፖል ነቅሎ እሱን ተከለ።

«ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። በቀጥታ ይሠራል» አለ።

«ሙቀቱስ ጋሼ? ይህ ማሽን እንዲህ ላለ አምፖል አልተሠራም። ፊልሙም እርጥበት ይዟል።»

«አርባው ደረሰ። ሰዎቹን ምን ልበላቸው?»

የጨለማ ክፍሉን በር ዘጋሁ።

ጋሼ ፊልሙን ማጉያው ውስጥ ባሉት ሁለት መስተዋቶች መሐል አስገብቶ አበራ። የዲያቆን ፍቅረ መልክ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ብርሃኑ ግን መሐሉ ላይ ተከማችቶ ዳርዳሩ ጨለመ። ጋሼ አምፖሉን ዝቅ ከፍ እያደረገ ብርሃኑን ለማስተካከል ደከመ። ያን ሁሉ ጊዜ መብራቱ አልጠፋም። የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ሲሸተኝ፣ «አጥፋው!» ብዬ ጮህሁ።

አጠፋው። ፊልሙ ቀልጦ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል። እስኪበርድ ጠብቆ ቀስ አድርጎ ሊያላቅቀው ሞከረ። ፊልሙ ተላቀቀ፤ የልጁ ፊት ግን ተሰነጣጥቆ መስተዋቱ ላይ ቀረ።

ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ፊልሙ ጠፋ እንበላቸው» አለኝ።

«እኔ እንዲህ አልልም።»

መሬት መሬት አየና፣ «እሺ። እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ።

ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ ነገራቸውም። ቆሞ፣ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ።

«ምን ተረፈ?» ብለው ጠየቁ።

«ከአንገቱ በታች ብቻ» አለ ጋሼ።

«እሱኑ አውጡልኝ» አሉ እማማ ዘውድነሽ።

«እማማ፣ ፊት የለውም እኮ።»

«አንገቱ የልጄ ነው። ማተቡን ያሰርሁለት እኔ ነኝ። አውጡልኝ።»

ማጉያው እንዳይነካ አልሁ። ፊልሙን ወረቀቱ ላይ አስተኛሁ፣ ላዩ ላይ መስተዋት ጫንሁበት፣ የክፍሉን አምፖል ብልጭ አድርጌ አጠፋሁ። ለዚህ ማሽንም ትራንስፎርመርም አያስፈልግም፤ የሚወጣው ፎቶ ግን በፊልሙ ልክ ነው። ወረቀቱ የማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሆኖ ኮሌታው፣ ማተቡ፣ አንገቱ እየጎሉ መጡ። ከዚያ በላይ ጥቁር ነው። ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አስቀድመን እንዲህ አድርገን ቢሆን ኖሮ፣ ትንሽም ብትሆን የልጁ ፊት በእጃችን ትኖር እንደነበር ሁለታችንም ገባን።

እማማ ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። መሪጌታ አላዩትም። «እግዜር ይስጥልን» ብለው ወጡ።

ትራንስፎርመሩ በኋላ ተጠምጥሞ መጣ። ጋሼ ግን ከዚያ ወዲህ ማጉያው ፊት ቆሞ አያውቅም። ፎቶ ያነሣል፣ ሰው ያስተናግዳል፤ ዲጂታል እስኪመጣ ድረስ ጨለማ ክፍሉ የእኔ ብቻ ሆነ። መሪጌታን አንዳንዴ ገበያ አገኛቸው ነበር። ጤናዬን ጠይቀውኝ ያልፋሉ። ስለ ፎቶው አንሥተው አያውቁም፤ እኔም የእማማን ነገር ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ዛሬ ፊልም የሚያጥብ ብዙ የለም። ሥራው ካጋጠማችሁ ግን ከሌላ አገር የመጣውን ማሽን ከመሰካታችሁ በፊት የተጻፈበትን ቮልት አንብቡ። ምትክ የሌለው ፊልም ሲመጣላችሁ ደግሞ መጀመሪያ በፊልሙ ልክ አንድ አትማችሁ አስቀምጡ። ማጉላቱ ይቆያል።