ከብረቱ ወዲህ የቀረችው ሚኒባስ

ሳብሪዬ ባሕር ጠልታ አታውቅም። ቱርክ ውስጥ፣ አላሼሂር ከተማ ከወይን ማሳ መሀል ተወልዳ፣ ጉልበት የነበራትን ዘመን ሁሉ ዘቢብ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ዘቢቡን ከእንጨቱ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ኑስረት ደግሞ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። በየበጋው የሰው ቤተሰብ ጭኖ ባሕሩ ዳር ያራግፍና መንገደኛው ሻንጣውን አውርዶ ሳይጨርስ አዙሮ ይመለሳል። ማታ ቤቱ ሲገባ ያበጠ እግሩን ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፈ፣ "ጡረታ ልውጣ ብቻ፣ አንቺን ይዤ ባሕሩ አፍ ላይ ነው የማድረው" ይላታል። እሷ ቀልድ ይመስላት ነበር። ጡረታ ወጣ፣ ቀልድም አልነበረም።

አንድ ያረጀ የተማሪ ማመላለሻ ሚኒባስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ ሠራ፣ የጋዝ ምድጃ ገጠመ፣ ጣራው ላይ የውሃ ታንከር ሰቀለ። አንድ ልጃቸው ቱንጃይ በዚያው ሰሞን አግብቶ ስለነበር፣ "ቤቱን ለልጆቹ እንልቀቅላቸው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" አላት። እሺ አለች። በኋላ ስታስበው ለምን እሺ እንዳለች ጠፋት። ደክሟት ነበር መሰል።

የመጀመሪያው በጋ እውነትም ጥሩ ነበር። ኤድሬሚት ባሕረ ሰላጤ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ፣ ከአሸዋው ጎን በተነጠፈው ሰፊ መኪና ማቆሚያ፣ እንደነሱ ያሉ ጡረተኞች መኪናቸውን ደርድረው ያድራሉ። ቀን ወንበር አውጥተው ታቭላ የሚሉትን የዛር ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ማታ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ሻይ ይጠራራሉ። ችግሩ መኸሩ ነው። ሻይ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ የሕዝቡ መጸዳጃ ይቆለፋል፣ ሎዶስ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ይነሳና ሚኒባሷን እያንገጫገጨ ያድራል። ሰው የተነፈሰው ትንፋሽ ሁሉ ጣራው ላይ ውሃ ሆኖ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል። ልብስ አይደርቅም። አልጋው ካልታጠፈ ጠረጴዛው አይዘረጋም፤ ጠረጴዛው ካልታጠፈ መተኛት የለም። የመጠጥ ውሃ ከመስጊዱ ቧንቧ በጀሪካን ይመጣል፤ የምታመጣው ደግሞ ሳብሪዬ ናት፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ።

ሦስተኛው መኸር ላይ እንዲህ ሆነ። ኑስረት እንደ ልማዱ ጎህ ሲቀድ የጎኑን በር ከፈተና፣ "ተነሺ እንጂ፣ ባሕሩን እዪው!" አላት።

"አየሁት" አለች ከብርድ ልብሱ ውስጥ። "ትናንትም አይቼዋለሁ።"

"የዛሬው ሌላ ነው።"

"ኑስረት፣ ዛሬ ሙቅ ውሃ ካላገኘሁ እዚሁ አሸዋው ላይ ቅበረኝ።"

ነገሩ እንደከረረ ገባው። ከተማ ያለው ሐማም፣ የሕዝቡ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሊሄዱ ተስማሙ፤ ግን በራሳቸው መኪና ሳይሆን በታክሲ። "ቦታችንን ይይዙብናል" አለ። ከበጋው ጀምሮ መኪናዋን ከቦታዋ ላለማንቀሳቀስ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ስልካቸውም ሞቶ ነበር፤ ደመና ከሆነ ጣራው ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ አይሞላም።

ሳብሪዬ ሐማሙ ውስጥ የጋለው እብነ በረድ ላይ ተዘርግታ አጥንቷ እስኪላላ ቆየች። ሲመለሱ ማቆሚያው መግቢያ ላይ ታክሲው ቀጥ አለ። ጠዋት ያልነበሩ ሁለት የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል፣ ከላያቸው ቢጫና ጥቁር የተቀባ ብረት ተጋድሟል። እንደነሱ ያለ የሚታደርበት መኪና እንዳይገባ ነው፤ ትንሽ መኪና ብቻ በሥሩ ያልፋል። ጎረቤቶቻቸው ብረቱ ከመተከሉ በፊት ጠዋቱን ተነግሯቸው ጠቅልለው ሄደዋል። ለነሱም ደጋግመው ደውለውላቸው ነበር፤ ማን ያንሳ? የነሱ ሚኒባስ ብቻ በዚያ ሁሉ ሜዳ መሀል፣ ባዶ ድድ ላይ እንደቀረች አንድ ጥርስ ቆማለች።

ብዙም ሳይቆይ ያልቺን የሚባል ወጣት ደንብ አስከባሪ በሞተር መጣ።

"አባባ፣ እስካሁን ምን ትሠራላችሁ? እዚህ ማደር እኮ ተከልክሏል። ውጡ።"

"እሺ ልጄ፣ እንወጣለን" አለ ኑስረት። "በየት?"

"በመጣችሁበት።"

"በመጣንበት ብረት አጋድማችሁበታል።"

ልጁ ብረቱን አየ፣ ሚኒባሷን አየ፣ ብረቱን ደግሞ አየ። "ሰዉ ሁሉ ጠዋት ወጥቶ የለም እንዴ! እናንተ የት ነበራችሁ?"

"ገላችንን ልንታጠብ ሄደን።"

"ሁለታችሁም?"

"ምነው፣ በፈረቃ ነው እንዴ የሚታጠቡት?" አለች ሳብሪዬ።

ያልቺን ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠና ስልክ ደወለ። ብረቱን የተከለው በያጅ ሥራውን ጨርሶ አገሩ ገብቷል፤ እስከ ነገ አይመለስም። ልጁ ራሱን እያከከ፣ "በቃ፣ ዛሬን እዚሁ እደሩ" አላቸው።

"ተከልክሏል አላልክም?"

"ተከልክሏል እናቴ። ግን እደሩ።"

አመሻሹ ላይ የምስር ሾርባ አሞቀችና ዳቦ ቆርሰው በሉ። ኑስረት ሊያስቃት ፈልጎ፣ "ቢያንስ ዛሬ ተነሱ የሚለን የለም" አለ።

"ደክሞኛል" አለችው።

"ተኚ እንግዲህ።"

"በእንቅልፍ የሚለቅ ድካም አይደለም።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "የት እንሂድ ታዲያ? ቤቱ የልጁ ሆኗል።"

"እህቴ ጋ። መቅቡሌ ስንቴ ኑ ብላለች።"

"በዚህ ዕድሜዬ የሰው ጥገኛ ልሁን?"

"አሁንስ የማን ነህ? የመስጊዱ ቧንቧ ጥገኛ ነህ። እሱንም የምቀዳልህ እኔ ነኝ።"

ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ፤ እንዳልተኛ ግን ከአተነፋፈሱ ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት በያጁ ከያልቺን ጋር መጣ። አለቃው ካልፈቀደ ብረቱን አልቆርጥም አለ። "ታንከሩን ከጣራው አውርዱ፣ የጎማውንም አየር እናስተንፍሰው፤ ለጥቂት ታልፋለች።" ሁለቱ ወንዶች ጣራው ላይ ወጥተው ታንከሩን ፈቱ፣ ጎማዎቹም እየተነፈሱ ሚኒባሷ አጎነበሰች። ኑስረት መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሣ። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ጋሼ፣ ሳበው እንጂ!" አለ በያጁ።

ሳብሪዬ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ኑስረት መሪውን ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል።

"ምን ሆንክ?"

"ፀሐዩ..." አለ። ሰማዩ በደመና ተደፍኖ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ብረቱን አላየውም ሳብሪዬ። ቢጫ ነገር ይታየኛል፤ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ አላውቅም" አላት።

ውስጧ ሲጠረጥር ነበር። ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈሰው አይታለች። ፀሐይ ካዘቀዘቀች እንደማይነዳ፣ ጥፋቱንም በመብራቱ እንደሚያሳብብ ታውቃለች። ከአፉ ትሰማዋለች ብላ ግን አላሰበችም። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣ አላት። ይህ ሰውም ለካ ሲለፋ ነው የከረመው፣ ለመደበቅ ሲለፋ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ በማግስቱ ወደ ቤት ትይኛለሽ።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለች። ነጠላ ጫማዋን አጠበቀችና ከብረቱ ማዶ ሄዳ ከፊቱ ቆመች። "እኔን ስማ! ሌላ ነገር አትመልከት!"

ወንዶቹ ሊረዱ ቢጠጉ በእጇ ገፋቻቸው። "ና! ቀኝ ያዝ... ቀኝ አልኩህ እኮ! ና፣ ና፣ ቀስ! ቁም! ትንሽ መልስ። አሁን ና!" እንደ አውቶቡስ ረዳት ጮኸች። ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ጣራው ብረቱን ሲጭረው ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ መኪናዋ አለፈች። ያልቺን አጨበጨበ። ሳብሪዬ ግን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ጎማው ተነፍቶ ታንከሩ ከተጫነ በኋላ እጇን በመስኮቱ አስገብታ ቁልፉን ነቀለች። በያልቺን ስልክ ለልጇ ደወለች፤ ቱንጃይ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ደረሰ።

"ወደ ቤት ነው እማዬ?" አለ መሪውን ይዞ።

"የለም፣ ወደ ሳሊህሊ፤ አክስትህ ጋ።"

መቅቡሌ የጓሮውን ክፍል ለቀቀችላቸው። ሳብሪዬ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለምግብ ካልሆነ ከአልጋ አልተነሣችም። እህቷ የታመመች መስሏት ሐኪም ልትጠራ ነበር። የኑስረት አንዱ ዓይን ሞራው ተገፎለት በራ፤ ሌላው ግን ነርቩ ተጎድቶ ስለነበር ዘግይቷል ተባለ። መሪ ከዚያ ወዲያ አልጨበጠም፤ አንዳንድ ከሰዓት ጓሮ የቆመችው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ሳብሪዬ አንድም ቀን አልተከተለችውም፣ ተው ውጣም አላለችውም።

በጸደይ አዲስ የተጋቡ ልጆች ሚኒባሷን ሊገዙ መጡ። ሙሽራዋ አልጋውን እየዳሰሰች፣ ምድጃውን እየከፈተች ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ከዚያ ወደ ሳብሪዬ ዞራ፣ "እትዬ፣ እናንተ ኖራችሁባታልና ምን ትመክሪኛለሽ?" አለቻት።

"ሲደክምሽ ያኔውኑ ተናገሪ" አለቻት። "አታሳድሪው።"

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኑስረት ከወዲያ በኩል የጋዙን መዝጊያ ለባልየው እያሳየ ነበር። የሚስቱ ቃል ደረሰውና እጁን ከመዝጊያው አነሣ። ከዚያ ስለ ጎማዎቹ መንገር ጀመረ።