ለወንዙ የተነፋ ጥሩምባ

«አንቺ ልጅ፣ ሰፈሩን የሚንደው ወንዙ ሳይሆን ያንቺ አፍ ነው» አሉኝ የእድራችን ዳኛ፣ በስብሰባ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ያልኩት ይህን ብቻ ነበር፦ ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል እንደምትሽቀዳደሙት፣ ላልሞተው ድንጋይ ብታቀብሉ ምን አለበት?

ዲላ ውስጥ የምንኖርበት ሰፈር ከጀርባው ትንሽ ወንዝ አለው። በበጋ ዶሮ ይሻገረዋል፤ ሲዘንብ ግን አልጋ የሚያህል አፈር ገምጦ ይሄዳል። ባለፈው ዝናብ አጥራችንንና ሽንት ቤታችንን ወሰደ። አሁን በገደሉና በጓሮ ክፍላችን መሀል የቀረው ስድስት እርምጃ ነው፤ የለካሁት እኔው ነኝ። እናቴ ያችን ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታከራያለች፤ የምንበላው ከእሷ ነው። የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ዳሩ ካልታሰረ ክፍሏ ወደ ወንዙ ናት።

«የእድር ብር ለሞት ነው፤ ደንቡ ላይ ተጽፏል» ብለው ነበር ዳኛው።

«ቤቱ ሲናድብን ሰው ይሞት የለ? ያኔ ትከፍላላችሁ» አልኳቸው። ከዚያ ነው አፌን ያነሱት።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣልኝ ብሎ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። መቀመጥ ግን አልችልበትም። ማዘጋጃ ቤት ስመላለስ ከረምኩና አንድ ወጣት ኢንጂነር ሰልችቶት ይሁን አዝኖልኝ ተከትሎኝ መጣ። ዳሩን ቁልቁል አይቶ «ጋቢዮን ነው የሚያዋጣው» አለ። ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን ማለቱ ነው። ሽቦውን መሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፣ ድንጋዩንና ጉልበቱን ሰፈሩ ያወጣል። ከላይ ደግሞ ቀርከሃ መተከል አለበት፤ አፈሩን የሚይዘው ሥሩ ነው፣ ያለሱ ድንጋዩም አይቆይም አለኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሽቦውን ጭኜ እመጣለሁ» አለ። «ሰው ካላገኘሁ ለሌላ ሰፈር ነው የማወርደው። የሚለምነኝ ብዙ ነው።»

እግሬ መሬት አልነካ አለ። ቤት ለቤት ሮጥኩ። ባለሱቁ ሀጂ አይሱዙ አላቸው፤ «ሱቄም እኮ ነገ ወንዝ ዳር መሆኑ ነው» ብለው ድንጋዩን በነፃ አመላለሱልን። የጎደለው ሰው ብቻ ሆነ። ሁሉም «እንመጣለን» ብሎኛል፤ በእኛ ሰፈር «እንመጣለን» ማለት አንመጣም ማለት ነው፣ ለቅሶ ካልሆነ በቀር። ከለቅሶ የሚቀር የለም፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል።

አርብ ከሰዓት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ነገ ማለዳ ለወንዙ ይንፉልን።»

«ዳኛው ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ» አልኩ። ሲነፋ ያውቁታል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሽማግሌው አንዲትም ቃል አላጓደሉም፤ «ወንዝ ዳር ውጡ፣ ድንጋይ የምትችሉ ሁሉ ውጡ» እያሉ ነው የለፈፉት። ግን ጥሩምባ ከሰማ በኋላ ቀሪውን የሚያዳምጥ ማን አለ? ሰው «ወንዝ ዳር» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ። ወንዝ ዳር ያለነው እኛ ነን። እናቴ ደግሞ በወባ ተኝታ ከርማ ገና መነሳቷ ነበር።

ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ግቢያችን ገቡ። እናቴ ጩኸቱን ስትሰማ ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ ወጥታ አብራ ማልቀስ ጀመረች። አንዲት የጌዴኦ ጎረቤታችን አንገቷን አቅፈው ሲያለቅሱ ቆዩና ቀና ብለው ፊቷን አዩት።

«አንቺ ነሽ እኮ የሞትሽው» አሏት።

«ማን አለ?» አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች።

«ጥሩምባው።»

ልቅሶው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አካፋ ይዤ ቆሜአለሁ።

ዳኛው የድንኳን ብረት በጋሪ አስይዘው ደረሱ። «ማን ነው ያስነፋው?»

«እኔ ነኝ። ሟች የለም፣ ድንጋይ ግን አለ።»

አንዱ ጎልማሳ ዱላውን ሲያነሳ አይቻለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ፒክአፕ የገባው ያኔ ነው። ኢንጂነሩ ወርዶ ከግቢው በር እስከ ወንዝ የሞላውን ሰው አየ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አሥር ሰው አገኛለሁ ብዬ አልመጣሁም» አላቸው ዳኛውን።

ዳኛው እኔን አዩ፤ ሽቦውን አዩ።

«የእኛ እድር ሲጠራ እንዲህ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ሁሉም ጥቁር የለበሰው ግን ለምንድን ነው?» አለ ኢንጂነሩ።

«ቆሻሻ አያሳይማ» አለች እናቴ።

ሽቦው ወረደ። አቤት ያን ቀን! ለማልቀስ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድንጋይ እየተቀባበሉ እስከ ታች ድረስ ተሰለፉ። ሳጥኑ በሞላ ቁጥር ሌላው ይዘረጋል፤ እኔ ሦስት ቦታ በአንዴ ነበርኩ። «የሞተችው ሴትዮ እንኳ ድንጋይ ታቀብላለች፣ አንተ እጅህን ኪስህ ከተሃል» ትላለች አንዷ ባሏን። እኩለ ቀን ላይ፣ ለለቅሶው ተብሎ የተቀቀለው ንፍሮ መጣና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን በላነው።

«ያንቺ ጉዳይ አላለቀም» አሉኝ ዳኛው እየቆረጠሙ። ሽማግሌዎቹ ከበቡኝ። «ጥሩምባ ለሞት ነው። ነገ የእውነት ሲነፋ ሰው ‹የዚያች ልጅ ሥራ ነው› ብሎ ቢቀርስ? ያንን ሬሳ ማን ይቀብረዋል?»

የጥሩምባ ነፊውን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ዳኛውን፣ ከዚያ ሁሉንም።

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ቀርከሃውን ከደጋው፣ ከቡሌ፣ ከነሥሩ አስቆፍሬ የማመጣው እኔ ነኝ፤ ያውም ዛሬውኑ። ሰማዩ በዚያ በኩል ጠቁሯል፣ ከዘነበ መንገዱ መኪና አያሳልፍም።

«አይሱዙው ካልሞላ እንዳትመለሺ» አሉኝ።

የሀጂ ሾፌር ክላክስ አደረገ። እናቴ በጭቃ የተለወሰ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

«እዚያ ብርድ ነው» አለች።

አካፋዬን ወደ ኋላ ወርውሬ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ የቡሌን መንገድ ያዝን።