ኮከብ ያበጠች ሰሞን

ምንተስኖት አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር ቤቱ ከመኖሪያቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሚስቱ ጉዲቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሰርቪስ በጠዋት ስለሚወስዳት፣ የሰባት ዓመቷን ልጃቸውን ኮከብን አጥቦና አልብሶ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። ሹሩባ መሥራት እንኳ ከጎረቤት ሴቶች ተምሯል፤ ሲያጠብቅባት ትቆነጥጠዋለች።

አምና ነሐሴ ላይ ኮከብ እግሯ ላይ ቁስል ወጣባት። ቢንቢ ነክሷት ያከከችው ነው ብለው በሳሙና አጠቡት፣ ቅባት ቀቡት፤ ደረቀ። እነሱም ረሱት።

ትምህርት በተጀመረ ሰሞን የልጅቷ ፊት ሞላ አለ። ጎረቤቶች ወፈረች፣ አማረባት አሉ። ምንተስኖትም ደስ አለው፤ ምግብ መራጭ ስለነበረች፣ በመጨረሻ የሱ ምግብ የተስማማት መስሎት ነበር። አንድ ጠዋት ግን ካልሲ ሊያደርግላት ቁርጭምጭሚቷን ሲይዝ፣ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቿ በእብጠት ጠበዋል።

"ያምሻል እንዴ የኔ ልጅ?"

እግሯን ሰብስባ "ብነግርህ አትቆጣኝም?" አለች።

"አልቆጣሽም።"

"ሽንቴ ኮካ ሆነ። ቤዚ ልደት ላይ ተደብቄ ብዙ ስለጠጣሁ ነው።"

ቤዚ የጎረቤት ልጅ ናት። ከልደቷ ብዙ ቀን አልፏል። ኮከብ ያን ሁሉ ቀን ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ብቻዋን ስትፈራ መክረሟ ሲገባው ካልሲውን ጥሎ አቀፋት። በኮካው እንዳልሆነ፣ ምንም እንዳላጠፋች ነገራትና በባጃጅ ሆስፒታል ይዟት ሄደ።

ያየቻቸው ሐኪም፣ ዶክተር ሙሉብርሃን፣ ሽንቷን አስመረመረች፤ ደም ግፊቷን ስትለካ ከፍ ብሎ አገኘችው። እግሯ ላይ የቀረውን ጠባሳ አይታ ቁስሉ መቼ እንደነበር ጠየቀች። ከዚያ ለምንተስኖት ቀስ ብላ አስረዳችው። ቁስሉን ያመጣው ጀርም ነው፤ ሰውነቷ ጀርሙን ሲታገል የኩላሊቷ ማጣሪያ ተቆጥቷል። ሽንቷ ውስጥ ደም የገባው፣ መውጣት የነበረበት ውሃም ሰውነቷ ውስጥ ቀርቶ ያሳበጣት ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ አለችው፤ ግፊቷ እስኪወርድ ግን እዚያው መተኛት አለባት።

ጉዲቱ የፋብሪካ ጋዋኗን ሳትቀይር ደረሰች። ቁስሉን ንቄው ነው ብላ አለቀሰች። ምንተስኖት "ሁለታችንም አላወቅንም" አላት።

ኮከብን ከመርፌው ይልቅ ያስለቀሳት ለእብጠቷና ለግፊቷ ሲባል የታዘዘላት ጨው የሌለው ምግብ ነበር። እናቷ ሽሮ ሠርታ ስታመጣ ቀምሳ አፏን ገጠመች። ምንተስኖት ከዚያው ሳህን ጎረሰና "በእውነት ያስጠላል" አለ። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል እስካሉ ድረስ እሱም ጨው አልቀመሰም። ጉዲቱ ነጭ ሽንኩርት ስታበዛበት ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይወርድላቸው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ኮከብ ራሴን ብላ ጮኸች፤ አስመለሳት፤ ደግሞ አይታየኝም አለች። ግፊቷ በጣም ወጥቶ ነበር። ነርሶቹ አልጋውን ከበቡት። ምንተስኖት ሊደርስበት የቻለው እግሯን ብቻ ስለነበር፣ መድኃኒቱ ሠርቶ ዓይኗን ገልጣ አባዬ ብላ እስክትጠራው ድረስ እግሯን ይዞ ቆመ።

በማግስቱ ሽንቷ በደንብ መምጣት ጀመረ። የሚለካበትን ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ እየሳቀ ወደ ነርሷ ሲሄድ፣ ሌሎቹ አስታማሚዎች እንኳን ደስ አለህ አሉት።

ኮከብ እብጠቷ ጎድሎ ቤቷ ገባች። ሽንቷ ውስጥ የነበረው የደም ርዝራዥ ግን ወራት ፈጀ። ከጥምቀት በኋላ ዶክተር ሙሉብርሃን ኩላሊቷ ማገገሙን ነገረቻቸው፤ ጉዲቱ ያን ቀን ሐኪሟን አቅፋ አልለቅም አለች።

አሁን ምንተስኖት ጭንቅላቱ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ ሲመጣለት ማሽኑን አስቀምጦ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዱት ይላል። አንዳንዱ ተቀይሞ ሌላ ፀጉር ቤት ይሄዳል። እሱ ግን ግድ የለውም። አልፎ አልፎ ደግሞ ከጓሮው ሽንት ቤት "አባዬ፣ ና እይልኝ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ግማሽ ፂሙ የተላጨውን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። ሲመለስ ሳይጠይቁት "ደህና ነው፣ ቢጫ ነው" ይልና ምላጩን ያነሳል።