በዕውቅና የተሸጠ ዜማ

ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩም የሙያ ጓደኞቹም የሚያውቁት ግን «ሎሚ» በሚለው ነው። አኮርዲዮኑን አንግቶ መጫወት ሲጀምር ፊቱ ጭምድድ ይላል፤ አንድ ዓይኑ ይጨፈናል፤ ከንፈሩ ወደ ጎን ይሄዳል። ያየው ሁሉ የሚኮመጥጥ ነገር የነከሰ ይመስለዋል። እሱ ግን እንደዚያ የሚሆነው ደስ ሲለው ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ተጫውቷል። ሆቴሉ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት መድረኩን አስፈርሶ ትልቅ ስክሪን ሰቀለበትና ስድስቱን ሙዚቀኞች በአንድ ጠዋት አሰናበታቸው። ከዚያ ወዲህ ሎሚ ያገኘውን ይሠራል። ሠርግ ሲገኝ ሠርግ፣ ምርቃት ሲገኝ ምርቃት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጣታቸው እንቢ ያላቸው ሁለት ጡረተኞችን ያስተምራል። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ባለቤቱ ናት። ቀን የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ወርክሾፕ ትውላለች፤ ከሥራ መልስ መስኮቱ ሥር ባለው በራሷ የስፌት መኪና የጎረቤት ልብስ ታጠብባለች፣ ታሰፋለች። ልጅ የላቸውም።

«ስፌት» የተባለውን ዜማ የሠራው እዚያው መስኮት ሥር ነው። መኪናዋ ታክ ታክ ታክ ብላ ትሮጥና ጨርቁ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቀጥ ትላለች፤ እሷ ጨርቁን ታዞራለች፤ መኪናዋ እንደገና ትነሳለች። ሎሚ ይህንን አንድ ክረምት ሙሉ ሲሰማ ከርሞ፣ የሚሮጥና የሚቆም፣ ከቆመበት ደግሞ ዞር ብሎ የሚነሳ ዜማ አወጣለት። ባለቤቱ መጀመሪያ የሰማች ቀን መርፌዋን ሳታነሳ፣ «ይሄማ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በላይ የሚያኮራ ነገር ሎሚ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም።

አንድ ምርቃት ላይ ይህን ሲጫወት መነጽራም ሰውዬ ተጠጋው። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የማስታወቂያ ኃላፊ ነኝ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር የልብ ምት ነው የሚመስለው። እኛ የምንፈልገው በትክክል ይሄን ነው።»

«የስፌት መኪና ነው» አለ ሎሚ።

«ለሰሚው የልብ ምት ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለሙዚቃ የተያዘ በጀት የለንም። ግን ይሄ ማስታወቂያ በየቤቱ ይገባል። ስምዎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስልክዎን ማንሳት ነው የሚያቅትዎት።»

ቤት ሲገባ ለባለቤቱ ነገራት። እሷም ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ «ዕውቅናውን ባለሱቁ ይቀበለናል?» አለችው።

«ቀልዱን ተይው እስቲ።»

«ቀልድ አይደለም። ካሜራ የያዘው ይከፈለዋል? ነጭ ጋውን ለብሶ ሐኪም መስሎ የሚቆመው ይከፈለዋል?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ያንተ ብቻ ለምን?»

በማግስቱ ግን የድሮ የባንድ ጓደኛው ድራመሩ ሌላ ነገር ነገረው። ድራመሩ ከሆቴሉ ከተባረሩ በኋላ አንድ ኮንሰርት ላይ ድራም በነጻ መትቶ፣ እዚያ ያየው ዘፋኝ ወስዶት፣ ዛሬ አገር ላገር ይዞራል። «እኔ ገንዘብ ልጠይቅ ብል ኖሮ ይሄኔ አብረን ቁጭ ብለን ነበር» አለው። «ማን ያውቅሃል? ሁለት ጡረተኞች! አንዴ ይስሙህ፣ ከዚያ ትጠይቃለህ። ፈርም፣ ሞኝ አትሁን።»

ድራመሩ የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ የተናገረው በእርግጥ የደረሰበትን ነው። ሎሚ ሄዶ ፈረመ። ወረቀቱ ስድስት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን አነበበ፤ ሁለተኛውን ገረፍ ገረፍ አደረገ፤ የቀረው ላይ መነጽራሙ ሰውዬ በጣቱ ያሳየው ቦታ ላይ ስሙን ጻፈ።

ማስታወቂያው የወጣ ዕለት ባልና ሚስት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁት። ዜማው ገና ሲጀምር የሎሚ ፊት ጭምድድ አለ። ነጭ ጋውን ታየ፣ የሚስቅ በሽተኛ ታየ፣ የሆስፒታሉ ስምና ስልክ ቁጥር ታየ፣ አለቀ። ሲደገም ቆመው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው አዩት። ስም የለም። መነጽራሙ ጋ ሲደውል፣ «ጋሼ፣ ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ የት ላስገባው? ሙዚቃው ራሱ ስምዎ ነው» አለው።

ስልኩ አልተደወለም ማለት አይቻልም። በሦስት ወር ውስጥ አራት ሰው ደወለ፤ አራቱም የሚፈልጉት በነጻ ነው። አንዱ እንዲያውም ተቆጣ፤ «ለነሱ በነጻ ሰጥተህ ለኛ ሲሆን ዋጋ ትጠራለህ?» አለው። አንድ ሠርግ ላይ «ስፌት»ን ሲጀምር የሙሽራው ሚዜ እየሳቀ፣ «ሰውዬ፣ የራስህ የለህም? የሆስፒታሉን ማስታወቂያ ነው የምትጫወተው?» ብሎ ሰው አሳቀበት። ይባስ ብሎ ዜማውን ራሱ ተጫውቶ ኢንተርኔት ላይ ሲለቅ፣ በሁለተኛው ቀን «ይህ ሥራ የሌላ ባለቤት ንብረት ነው» የሚል መልእክት መጣና ቪዲዮው ተነሳ። ሎሚ ስድስቱን ገጽ አውጥቶ ያን ጊዜ ሙሉውን አነበበው። ዜማው የሆስፒታሉ ንብረት እንደሚሆን አራተኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር።

እንዲህ እንዳለ የባለቤቱ ሳል ጸናባት። የጨርቁ ብናኝ ደረቷን ሲከረክራት ዓመታት አልፈዋል፤ «ጉንፋን ነው» እያለች ነበር የምታልፈው። አሁን ግን ትኩሳት ተጨመረበት። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታድራለች። ሐኪሙ የደረቷን ፎቶ ብርሃን ላይ አየና መግል ቋጥሯል፣ ተከፍቶ መጠረግ አለበት፣ መዘግየት የለበትም አለ። ይህን የሚሠራው ደግሞ ያው ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወጪውን የወርክሾፑ መድን ይሸፍናል። የጠፋው አልጋ ነው።

ሎሚ ደወለ። «ለአልጋ ጉዳይ ሦስትን ይጫኑ» ተባለ፤ ሦስትን ተጫነ። «እባክዎ መስመር ላይ ይቆዩ» ተባለና «ስፌት» ይጫወት ጀመር። የራሱ ጣቶች፣ የራሱ አኮርዲዮን፤ ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲቆም ልቡ ትቆማለች፣ ሰው ሊያነሳ ነው ብሎ፤ ዜማው ግን ዞሮ ይነሳል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሰማው። ባለቤቱ ከትራሷ ላይ ሆና፣ «ምን አሉህ?» ስትለው፣ «እየጠበቅሁ ነው» አላት። ምን እየሰማ እንደሚጠብቅ አልነገራትም። በመጨረሻ አንዲት ሴት አንስታ የባለቤትዎ ተራ ሠላሳ አንደኛ ነው ብላ ዘጋች።

በነጋታው በአካል ሄደ። መነጽራሙ ሥራ ለቆ ሄዷል። በሱ ቦታ የተተካችው ወይዘሮ ቁጭ አድርጋ አናገረችው፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች።

«ውሉ አለ ጋሼ። ግን እኛ ለርስዎ ያለብን ነገር የለም።»

«ያለብሽ ነገር አለ አላልኩም። ባለቤቴን አንድ ሰው ይያት ነው ያልኩት።»

ከኮምፒውተሯ ዞር ብላ፣ «አርብ የሆስፒታሉ አሥረኛ ዓመት ይከበራል። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ቢጫወቱልን... ክፍያ የለውም። ግን አለቆቹ ሁሉ ይኖራሉ። እኔም አልጋ ክፍሉን አናግርልዎታለሁ» አለችው።

ሎሚ የምትለውን ነገር ከዚህ በፊት እንደሰማው ያውቃል። አሳምሮ ያውቃል። ያም ሆኖ፣ «እሺ» አለ። እንቢ የሚልበት አቅም ከየት ይምጣ?

አርብ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ኮቱን ለብሶ አዳራሹ ውስጥ ቆመ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወተ፤ ሰው ብርጭቆ ይዞ በፊቱ ያልፋል። ወይዘሮዋ መጣችና በጆሮው፣ «አናገርኳቸው ጋሼ። ዝርዝር ዝርዝር ነው፣ ተራ አይዘለልም አሉኝ። አዝናለሁ» አለችው። በዚሁ መሀል ዋናው ዳይሬክተር ማይክ ይዞ ንግግር ጀመረ። ሐኪሞቹን አመሰገነ፣ ጥበቃዎቹን አመሰገነ፣ ከዚያ እጁን ወደ ሎሚ ዘርግቶ፣ «ይህን ውብ ዜማችንን በበጎ ፈቃድ የሚጫወቱልንን ባለሙያም እናመሰግናለን» አለ። ተጨበጨበ።

ሎሚ አኮርዲዮኑን እንዳነገተ ሄዶ ማይኩን ከሰውዬው እጅ ወሰደ።

«በጎ ፈቃደኛ አይደለሁም» አለ። «ዜማው የናንተ አይደለም፣ የኔ ነበር። በነጻ ሰጠኋችሁ፤ ዛሬም በነጻ መጣሁ። ባለቤቴ መተኛት አቅቷት ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። አልጋ ስጡኝ። ስሜን አትጥሩት፣ ፎቶም አታንሱኝ፣ አልጋ ብቻ ስጡኝ! ለምኛችኋለሁ።»

ተንበረከከና አኮርዲዮኑ ላይ ተደፋ። ከሥሩ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ወጣ። ሁለት ጥበቃዎች ብብቱን ይዘው አነሱት፤ አንደኛው፣ «ቀስ በሉ አባቴ፣ ቀስ» ይለው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ተነስቶ ይቀርጻል።

መነጽራሙ ቃል የገባለት ያኔ ደረሰ። በሁለት ቀን ውስጥ የሎሚን ፊት ያላየ ሰው አልነበረም። «አልጋ የለመነው ሰውዬ» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባለቤቱም ጎረቤቷ ስልክ ላይ አየችው። ቤት ሲገባ ፊቷን አዙራ ጠበቀችው።

«በሰው ፊት ለመንክብኝ?»

«ምን ላድርግ የኔ እናት?»

«እኔ እኮ በሕይወቴ ለምኜ አላውቅም» አለች፤ ሳሉ አላስጨረሳትም።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ከሆስፒታሉ ተደወለና አልጋ ተገኝቷል ተባለ። ሠላሳዎቹ ሰዎች የት እንደሄዱ ማንም አልነገራቸውም። ቀዶ ሕክምናው በተሠራ በሦስተኛው ቀን ሎሚ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ጎልማሳ አየው፤ አወቀውም። «የወንድሜ ተራ አራተኛ ነበር» አለው ሰውዬው። አልጮኸበትም፤ እንዲያው ነገረው ብቻ። ከዚያ ትቶት ሄደ።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮዋ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር መጣች። ሆስፒታሉ ስሙን ማደስ ፈልጓል፤ በሽተኛዋ አልጋዋ ላይ ሆና ብትስቅ፣ ባሏ እጇን ቢይዛት፣ ታች ደግሞ ብትፈርም። ባለቤቱ ወረቀቱን ተቀበለች። አንገቷ ላይ ያለውን የኦክስጅን ቱቦ አስተካክላ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። በየመሀሉ ለመተንፈስ ትቆማለች። ካሜራ የያዘው ሰው እግሩን ቀያየረ፣ ሰዓቱን አየ፣ በመጨረሻ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችና፣ «አልፈርምም፣ እህቴ» አለቻት። ወይዘሮዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ባልና ሚስት አልጋውን ይነጥቁናል ብለው እስከ ማግሥቱ ድረስ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። የነጠቃቸው የለም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ሐኪሙ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር ያለው የግራ ሳንባዋ ግማሽ አሁን አይሠራም። ወደ ወርክሾፑ አትመለስም፤ መድኑም ከሥራው ጋር ቀረ። ለሎሚ አንዳንድ ሰው ይደውልለታል፤ መጥቶ እንዲጫወት ሳይሆን መጥቶ ታሪኩን እንዲያወራ። «ብዙ ሰው ያይዎታል» ይሉታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ድራመሩ ከጉዞ ተመልሶ መጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ እንጂ እንግባ ቢለው እንቢ አለ። ያመጣውን ብርቱካን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሎሚ፣ ለኔ ሠርቶልኝ ነበር እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

ከውስጥ ባለቤቱ ውሃ ጠየቀች። ሎሚ ብርቱካኑን ተቀብሎት ገባ።