በግንባሯ ላይ ያለው መስመር

ዐረብ አገር፣ ኾበር ከተማ፣ አል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር፣ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አንዲት የአገሬ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ በየአፍታው ጣቷን ከሥር አስገብታ ግንባሯን ትነካካለች።

«የምሠራላት ማዳም ‹ንቅሳት ሐራም ነው፣ በሌዘር ይጥፋ› ብላ ላከችኝ» አለችኝ በወሎ አነጋገር፤ ገለጥ አድርጋም አሳየችኝ። ከቅንድቦቿ መካከል ወደ ላይ የቆመ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቻ ነው።

«መስቀል ነው?» አልኳት።

«እኔስ መች አወቅሁት። እናቴ የክርስቲያን ልጅ ነበረች፣ አባቴ እስላም። ልጅ ሳለሁ እማዬ ወሰደችኝና ነቃሿ በእሾህ እየወጋች ይቺን መስመር እንደ ጨረሰች አባቴ ደረሰና ከእማዬ ጋር ተጨቃጨቁ፤ እኔ እያለቀስሁ አመለጥሁ። ክርስቲያኖቹ ጅምር መስቀል ይሉታል፤ የእኛዎቹ ጌጥ ነው ይላሉ። እማዬ ሳልጠይቃት ሞተች።»

ነርሷ ጠራቻት። ተነሣች፤ ግን ወደ ክፍሉ አልገባችም፤ ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ ያን ቀን እማዬ ምን ልታስነቅሰኝ ነበር?»

ብዙ አዳመጠች። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ይሁን ኀዘን መለየት አቃተኝ። ነርሷ ደግማ ስትጠራት «ዛሬ ማፊ፣ አላስጠፋም» አለቻትና ወጣች። አባቷ ምን እንዳላት አልነገረችኝም።